እጅ ያነበበው

በዚያ ጠዋት አጎቷ፣ «ሻይ ልቅዳልዎት?» አሏት።

ዶክተሯ ከኋላዋ እንግዳ የገባ መስሏት ዞር ብላ በሩን አየች። ማንም የለም። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት፣ «አንቺ ቀበጥ» እያሉ ፊደል ያስቆጠሯት ሰው፣ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ጠረጴዛቸው፣ እርስዎ አሏት። ብታያቸው ፊታቸው ላይ ቀልድ የሚባል ነገር የለም። ፂማቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን እስከ ጉሮሯቸው ቆልፈው፣ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው መልሷን ይጠብቃሉ። ዳቦ ይቆርሱ የነበሩት ሚስታቸው ቢላውን አስቀመጡና፣ «ምን ሆነሃል አንተ ሰው? ልጅቷን በጠዋቱ ልታስደነግጣት ነው?» አሉ።

«ዛሬ የመንግሥት ሰው ናት። መንግሥት አንቺ አይባልም።»

«መንግሥት ከሆነች እንግዲህ ያደረችበትንም አልጋ መንግሥት ያንጥፈው» አሉ ሚስታቸው።

አጎቷ ሳቁ፤ «በይ ጠጪ፣ ሳይቀዘቅዝ» ብለው ቀዱላትና ነገሩ በዚያው ቀረ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ዳቧቸውን ማኘክ ያዙ። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ሬዲዮ ይለፈልፋል። ግድግዳ ተባለ እንጂ እስከ አምና ድረስ በር ነበር። አጎቷ የቤቱን የፊት ሁለት ክፍሎች ሲሸጡ ገዢው በሩን በብሎኬት ደፈነው፤ በነሱ በኩል ያለው ብሎኬት እስከ ዛሬ ቀለም አላየም። አሁን ባልና ሚስቱ የሚተኙት ዕቃ ቤት በነበረው ክፍል ነው፤ ዶክተሯ ደግሞ በመጋረጃ በተከለለው የሳሎኑ ጥግ። ስለዚያ ብሎኬት እቤት ውስጥ አንድም ቀን ወሬ ተነሥቶ አያውቅም። የአጎቷ ሚስት ብቻ መጥረጊያ በያዙ ቁጥር እዚያ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፤ ከዚያ መጥረጋቸውን ይቀጥላሉ።

የተሸጠው ክፍል ጊደር ሆኗል። አጎቷ ሠላሳ አምስት ዓመት በሰው በረት ላም ሲያልቡ ኖረው፣ የራሳቸው የሚሏት አንዲት ጥጃ እንኳ ኖራቸው አታውቅም። ጡረታ ሲወጡ ከሰፈሩ ሰው ጋር መከሩ። ልብስ ሰፊውም፣ ዳቦ ጋጋሪዋም፣ ሌላውም፣ ዐሥራ አንድ ቤተሰብ ያለውን አዋጥቶ የወተት ማኅበር አቋቋመ፤ ከብት የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና ሊቀመንበር አደረጋቸው። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ከባሕር ማዶ ሠላሳ ሁለት ጊደሮች በመርከብ መጡ። ከውጭ የመጣ ከብት ጤንነቱ ሳይረጋገጥ ከተማ አይገባምና፣ ከወደቡ በቀጥታ የተወሰዱት ዶክተሯ ወደምትሠራበት ማቆያ ጣቢያ ነው። ባለቤት ወደ ውስጥ አይገባም። አጎቷ ወር ሙሉ በየቀኑ እየሄዱ በአጥሩ ሽቦ ቀዳዳ አይተዋቸው ይመለሱ ነበር፤ አንድም ቀን ግን «እስቲ እንደምንም አስገቢኝ» አላሏትም።

ደንቡ ዐሥራ ሁለት ገጽ ነው፤ ዶክተሯ በቃሏ ታውቀዋለች። የእያንዳንዷ ጊደር የጆሮ ቁጥር ከአገሯ ይዛው ከመጣችው የጤና ወረቀት ጋር መግጠም አለበት። ደሟ ለውርጃ በሽታ ይመረመራል፣ አፏና ሰኮናዋ ይታያል፣ ሠላሳ ቀን ተለይታ ትቆያለች። የመጨረሻው የአንገት ምርመራ ነው፤ ዶክተሯን ከተማሪነቷ ጀምሮ እጇን በአፏ ያስጫናት ይህ ምርመራ ነው። አንዲት የመመርመሪያ መድኃኒት ጠብታ ከአንገት ቆዳ ሥር ትወጋለች፤ ከዚያ ሰባ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ነው። ጊደሯ የሳንባ ነቀርሳ ከሌለባት ቆዳዋ እንደነበረ ይቆያል። ካለባት ግን፣ ሳትስል፣ ሳትከሳ፣ ያያት ሁሉ ጤነኛ ናት ብሎ ሊምልላት እየቻለ፣ መርፌው ያረፈበት ቦታ ያብጣል። ቆዳው በአራት ሚሊሜትር ከወፈረ በሽታው አለ ማለት ነው። ስንት ዘመን ሳንባ ውስጥ አድፍጦ የኖረ ነገር በሦስት ቀን ቆዳ ላይ ወጥቶ ይነበባል። በዚያች ጠብታ የተነሣ የስንቱ ሰው ልጅ ወተቱን ሳይሰጋ እንደሚጠጣ ስታስበው አሁንም ይደንቃታል። ሰሞኑን ይህንኑ ለአጎቷ ስታስረዳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ቆዳ አፍ አለው በይኛ» ብለዋት ነበር።

ቆዳው ከተናገረስ? በሽታው አንዷ ላይ ከተገኘ እሷ ትታረዳለች፤ የቀሩት ስልሳ ቀን ተጨማሪ ቆይተው እንደገና ይመረመራሉ፣ ቀለባቸውም በባለቤቱ ነው። ከአንድ በላይ ከተገኘ ግን ሠላሳ ሁለቱም በመጡበት ይመለሳሉ። ዐሥራ አንዱም ቤተሰብ ይህን አንብቦ ፈርሟል። ዶክተሯ ደግሞ የባለቤቱን ስም ወረቀቱ ላይ ባየች ዕለት ለጣቢያው ኃላፊ «አጎቴ ናቸው» ብላ ነግራዋለች። ኃላፊው፣ እሱ በሌለበት ሠራተኛው «ሚሊሜትር» እያለ የሚጠራው፣ ሌላው ሰው ብዕር በሚሰካበት የደረት ኪሱ የቆዳ መለኪያ ካሊፐር ሰክቶ የሚዞር ሰው ነው። ጥቂት አሰበና፣ «ያለነው ሁለት ሐኪም ብቻ ነን። መርፌውን አንቺ ውጊ፤ ንባቡ የኔ ነው፣ ፊርማውም የኔ ነው» አላት። መርፌው የተወጋው ከሦስት ቀን በፊት ነው። ዛሬ የንባቡ ቀን ነው።

ከአጎቷ ጋር አብራ አልወጣችም፤ አብረው ቢታዩ ሰው የሚለውን አያጣም። ታክሲ ያዘች። በየሱቁ በር ላይ የወተት ዋጋ በኖራ ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ በላዩ ሌላ ዋጋ ተጽፏል። ጣቢያው ደጅ ስትደርስ ለጊደሮቹ ማጓጓዣ የተከራዩት አራት የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ኪራያቸው በቀን ነው፤ ጫኑም አልጫኑም ይከፈላቸዋል። የማኅበሩ አባላት አጥሩን ተደግፈው ያወራሉ። ልብስ ሰፊው የሠርግ ኮቱን ለብሶ መጥቷል። ሲያያት፣ «ዶክተር፣ ሙሽሮቹ ተኳኩለው አለቁ?» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። አጎቷ ከዳር ብቻቸውን ቆመዋል፤ እንደማያውቋት ሁሉ በራሳቸው ብቻ እጅ ነሷት።

ንባቡ ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ጊደሮቹ ከብረት ቱቦ ወደተበየደው ጠባብ መተላለፊያ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ በወዲያ በኩል ግንብ ነው፣ በወዲህ በኩል ኃላፊው ቆሟል። የግራ አንገታቸው ላይ ፀጉሩ የተላጨ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ቦታ አለ። ኃላፊው እዚያ ላይ ቆዳውን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ያነሣና ካሊፐሩን ያስጠጋል፤ ትንፋሹን ይውጣል፤ ቁጥሩን ይጠራል። ዶክተሯ ደግማ ትጠራና ትጽፋለች። «ሰባት።» «ሰባት።» «ስድስት ተኩል።» «ስድስት ተኩል።» ከሦስት ቀን በፊት ከተጻፈው ጋር ስታስተያየው ልዩነት የለም። ሃያኛዋ ስታልፍ የአጎቷ ሚስት ያልተቀባውን ብሎኬት ማየት እንደሚተዉ ታያት። ሠላሳ ሁለተኛዋ ስትወጣ ኃላፊው ካሊፐሩን በአልኮል ጠረገና ወደ ኪሱ መለሰ። «ንጹሕ» አለ፤ ከሱ አፍ ሌላ ምስጋና አይጠበቅም። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ፈረመ፤ ማኅተሙን አሳረፈ። ከአጥሩ ወዲያ ጭብጨባው ቀለጠ፣ መኪኖቹ ሞተር አስነሡ።

ባለቤቱ ከብቶቹን ቆጥሮ እንዲረከብ ተጠራ። አጎቷ የጣቢያውን ትልልቅ ቦት ጫማ አጥልቀው፣ መድኃኒት ያለበትን ውኃ በእግራቸው ተሻግረው ወደ መጫኛው ግቢ ገቡ። ወር ሙሉ በቀዳዳ ያዩዋቸውን ከብቶች ሲቀርቧቸው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው መሰለ። ከዚያ ጀመሩ። አንዷን ግንባሯን ይዳብሳሉ፣ እጃቸውን ከጆሮዋ ሥር አንሥተው በአንገቷ ግራና ቀኝ ያወርዱታል፣ ጀርባዋን መታ ያደርጓታል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የሚያወሩት ነገር አለ፤ ለዶክተሯ አልተሰማትም። እንስሳቱ ከማያውቁት ሰው አልሸሹም። አንዷ ዘወር ስትል ሌላዋ ተራዋን የምትጠብቅ ይመስል ትቆማለች። ዶክተሯ ወረቀቶቿን እየሰበሰበች ሳታስበው ፈዛ ታያቸው ጀመር። ይህ ሰውዬ እቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲያነሡ እንኳ የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው ያላቸው፤ እዚህ ግን እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጊደር ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። በቀኝ አንገቷ ላይ ነው የቆመው። ወደ ላይ መለሱት፣ እንደገና አወረዱት፣ እዚያው ላይ ቆመ። ከዚያ ቀና ብለው ዶክተሯን አዩዋት። ወረቀቶቿን አስቀምጣ ወደሳቸው ሄደች። አጎቷ እጇን ያዙና ከጊደሯ አንገት ላይ አሳረፉት። ከፀጉሩ ሥር ግማሽ እንቁላል የሚያህል ነገር አለ፤ ይሞቃል።

ክው አለች። ያን ጊዜ ትዝ አላት። መርፌ በሚወጋበት ቀን ዝናብ ይጥል ነበር። ይህቺ ጊደር መተላለፊያው ውስጥ ኋሊት ገባች፤ ለመመለስ ቢታገሏትም እምቢ አለች፤ ከኋላዋ ሌሎቹ ይገፋፋሉ። ወደ ወዲህ በኩል የዞረው ቀኝ አንገቷ ስለሆነ ዶክተሯ በቀኙ ወጋቻት፤ ዝናቡ እስኪያባራ ብላ «በቀኝ ተወግታለች» የሚለውን ማስታወሻ ሳትጽፍ አሳደረችው፣ ረሳችው። የዛሬውን ንባብ ያሳሳተው ግራ አንገቷ ላይ ያለው የተላጨ ቦታ እሷ የላጨችው አይደለም፤ ከመርፌው ቀን በፊት የጣቢያው ሠራተኞች የሁሉንም ግራ አንገት ሲላጩ የላጩት ነው። ሠላሳ አንዱን እዚያው በተላጨው ላይ ወግታለች። በዚህችኛዋ አንገት ላይ ግን ኃላፊው የለካው መርፌ ያልነካውን ቆዳ ነው፤ የተወጋው ቆዳ ወደ ግንቡ ዞሮ ነበር።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ማኅተሙ ደርቋል፣ ኃላፊው እጁን ሊታጠብ ሄዷል፣ የመኪናው ሞተር ይጮኻል። ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሁለቱም አንድ ቤት ይበላሉ። የተሸጡት ሁለት ክፍሎች፣ ዐሥራ አንዱ ቤተሰብ፣ የሷ እንጀራ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደረቷ ላይ ወጣባት። ለአጎቷ ስትል ነው ወይስ ለራሷ፣ በኋላም ለይታ አላወቀችውም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ዝንብ ነድፏት ሊሆን ይችላል» አለች።

አጎቷ ረጅም ጊዜ አዩዋት። አስተያየታቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«መርፌ ያረፈበት ቦታ ካበጠ ምንድን ነው ያልሽኝ?» አሏት።

እጇን ከጊደሯ አንገት ላይ አነሣች።

«በሰው በረት ስንቷን ዝንብ የነደፋት ላም ዳብሻለሁ። ይህ ዝንብ አይደለም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ» አሉና ፊታቸውን ወደ ቢሮው አዙረው፣ «ዶክተር፣ እባክዎ አንዴ ይምጡልኝ» ብለው ኃላፊውን ጠሩ።

ኃላፊው እጁን ሳያደርቅ መጣ። ቀኝ አንገቷን ሲዳስስ ፊቱ ተለወጠ። ካሊፐሩን አውጥቶ ለካ፤ ያየውን አላመነም፤ ደግሞ ለካ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ለካ። «ሃያ ሁለት» አለ። ዶክተሯ ልማድ ሆኖባት «ሃያ ሁለት» ብላ ደገመች። ከዚያ ሳይጠይቃት ሁሉንም ነገረችው፤ ኋሊት መግባቷን፣ ዝናቡን፣ ያልጻፈችውን ማስታወሻ። አፍጥጦ አያት። ሆን ብላ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ዓይኑ ውስጥ መጣና አጎቷን ሲያይ ተመልሶ ሄደ። «የተላጨ ቦታ ስላየሁ ብቻ ለካሁ። ሌላውን ጎን ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም» አለ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ከሱ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም። የታተመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ ሁለት መስመር አሰመረበት፣ «ተሰርዟል» ብሎ ጻፈና፣ «የሆነውን በሙሉ በእጅ ጽሑፍሽ መዝገቡ ላይ አስፍሪ። ነገ ለበላይ አቀርበዋለሁ» አላት።

አጎቷ ወደ አጥሩ ሄዱ። ማንም እንዲነግርላቸው አልፈለጉም። የነገሩት በሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንዷ ታማለች፣ እሷ ትታረዳለች፣ ሌሎቹ ስልሳ ቀን ይቆያሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልብስ ሰፊው የአጥሩን ሽቦ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «ተፈርሞ ነበር እኮ። በጆሯችን ንጹሕ ሲባል ሰምተናል» አለ።

«አዎ፣ ተፈርሞ ነበር።»

«ታዲያ ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?» ልብስ ሰፊው ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ጎበዝ፣ ጉዳችንን ስሙ። ላም አለኝ በሰማይ አሉ፤ የኛዋ በስንት መከራ ከሰማይ ወርዳ መሬት ስትረግጥ ሊቀመንበራችን መልሰው ሰቀሏት። ማንም እኮ አላየም ነበር!»

«እጄ አወቀ እኮ» አሉ አጎቷ።

እንደ ጥፋት ነበር የተናገሩት፤ እጃቸው ሳይጠይቃቸው የሠራውን ነገር ይቅርታ የሚጠይቁለት ይመስል። ኃላፊው ከኋላቸው ቆሞ ሰምቷል። ካሊፐሩን ከኪሱ አውጥቶ አየው፣ ወደ ኪሱ መልሶ ሰካው። ከዚያ፣ «አባት፣ እጅዎን ላስቸግርዎ ነው» አለ። «የቀሩትን ሠላሳ አንዷን በግራም በቀኝም ይዳብሱልኝ። እርስዎ ከዳበሱ በኋላ እኔ እለካለሁ። ደንቡ አያስገድድዎትም። ሌላ አንዲት ከተገኘች ሁሉም ይመለሳሉ፤ እምቢ ቢሉም አልቀየምዎትም።» አጎቷ ወደ አጥሩ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩ። ዐሥራ አንዱ ቤተሰብ ትንፋሹን ይዟል። እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ወደ መጀመሪያዋ ሄዱ።

ዶክተሯ በኋላ ያንን ሰዓት ለሰው ልታወራው ስትሞክር ቃል ያጥራት ነበር። የሆነ ነገር የለም፤ አንድ ሽማግሌ ላሞች አንገት ላይ እጃቸውን ያሳርፋሉ፣ ያነሣሉ። ግን ከመኪኖቹ አንዱ ሞተሩን አጠፋ፣ ሌሎቹም ተከትለው አጠፉ፤ ከተማው በሙሉ ዝም ያለ መሰላት። አጎቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እጃቸው ከጆሮ ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻ ይወርዳል፤ ጣቶቻቸው ሳይቸኩሉ ቆዳውን ይጠይቁታል። የሚዳብሱት የገዛ ቤታቸውን ግድግዳ፣ የሚስታቸውን መኝታ፣ የጎረቤቶቻቸውን ላብ ነው፤ ማበጥ አለማበጡን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። በየአንዷ ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ «የለም» ይላሉ። ኃላፊው ከኋላቸው ይለካል፤ «ሰባት» ይላል። ይህ ሰው የአንድ ሚሊሜትር ሩቡን ያህል ለማንም ይሉኝታ ኖሮት አያውቅም፤ አሁን ግን አጎቷ «የለም» ሳይሉ ካሊፐሩን አያነሣም። ያሳደጓትን ሰው ሃያ ሁለት ዓመት አብራቸው ኖራ ዛሬ ገና ያየቻቸው መሰላት። ፈራቻቸው ብል ይቀላል፤ ትልቅ ነገር አጠገብ የቆመ ሰው እንደሚፈራው ዓይነት ፍርሃት።

ሠላሳ አንደኛዋ ላይ አጎቷ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ቆዩ። ግራዋን ዳበሱ፣ ዞሩ፣ ቀኟን ዳበሱ፣ ተመልሰው ግራዋን ዳበሱ። ዳቦ ጋጋሪዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «የለም» አሉ አጎቷ። ኃላፊው ለካ፤ ስድስት ተኩል። ማንም አላጨበጨበም። ስልሳ ቀን የሚባል ነገር ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል፤ የስልሳ ቀን ድርቆሽ፣ የስልሳ ቀን ጭንቀት፣ በመጨረሻውም ቆዳው ምን እንደሚል የሚያውቅ የለም። የጭነት መኪኖቹ የቀን ኪራያቸውን ተቀብለው ባዶአቸውን ወጡ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን ጊደር ለብቻዋ ወዳለው ክፍል የወሰዷት አጎቷ ናቸው፤ ገመድ አላስፈለጋቸውም፣ ከኋላቸው ተከተለቻቸው።

ሲመለሱ በግቢው ቧንቧ ሥር እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠቡ ጀመር። ዶክተሯ አጠገባቸው ቆማለች። ልብስ ሰፊው ኮቱን በክንዱ ላይ ጥሎ ከአጥሩ ወዲያ መጣና ሽቦው ላይ ተደገፈ። ቁጣው አልቆበታል። አጎቷ እጃቸውን ሲታጠቡ አያቸውና፣ «እውነቱን ልንገርዎት?» አላቸው። «እኔ ብሆን ዝም እል ነበር።»

አጎቷ ሳሙናውን ክንዳቸው ላይ አሹት። ውኃው ይወርዳል።

«እኔም» አለች ዶክተሯ።

አጎቷ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ሳሙናውን አቀበሏት።

«አንቺም ነክተሻታል፤ ታጠቢ» አሏት።